«ኦተም ሊቭስ» ለብቻ ጊታር፦ ዜማውን ስይዝ ቤዙ ይጠፋል፣ ቤዙን ስይዝ ዜማው

ስድስት_ክር | ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለቤቱ። «ኦተም ሊቭስ» የተባለውን የታወቀ የጃዝ ዘፈን ለአንድ ጊታር ላቀናብር ተነስቻለሁ። ባንድ ውስጥ ሪትም ስመታው ስለኖርኩ ኮርዶቹ ችግር አይደሉም። ብቻዬን ስሆን ግን ነገሩ ይበላሽብኛል። ከኢንተርኔት ያወረድኩት ታብ (ጣት የት እንደሚቀመጥ በቁጥር የሚያሳይ ጽሑፍ) በእያንዳንዱ የዜማ ኖታ ሥር አምስት ስድስት ድምፅ ያለው ኮርድ ደርድሯል። እጄ ከአንዱ ወደ ሌላው እስኪደርስ ዜማው ይቆረጣል፤ የሚሰማኝ ዘፈን ሳይሆን የኮርድ ዝርዝር ነው።

ጊታሩ ናይለን ክር ነው፣ በጣት ነው የምጫወተው፣ ኪዩ ኢ ማይነር። ዜማ፣ ኮርድና ቤዝ ሦስቱም እንዲሰሙ እንዴት ታደርጋላችሁ? ከየትኛውስ ትጀምራላችሁ?

ኮርድ_ሰብሳቢ | ማክሰኞ ማታ 3፡05

ታቡ ላይ አትፍረድ። ልምምድ ነው የጎደለህ። ድሮፕ ሁለት ኮርዶችን (ከላይ ሁለተኛው ድምፅ አንድ ኦክቴቭ ወደ ታች የወረደባቸውን) በላይኛዎቹ አራት ክሮች ላይ፣ ከነግልባጮቻቸው (የድምፆቹ ቅደም ተከተል ከተቀየረባቸው ቅርጾች ጋር)፣ በሁሉም ኪይ አጥና። ዜማው ሁልጊዜ አንደኛው ክር (ቀጭኑ) ላይ እንዲውል አድርግና ከሥሩ ተገቢውን ግልባጭ ምረጥ፣ አለቀ። ጊታሪስቱ ቴድ ግሪን በ1971 ያሳተመውን «ኮርድ ኬሚስትሪ» ገልጦ ያየ ሰው «አምስት ድምፅ በዛብኝ» አይልም።

የሲልቨር_ስፕሪንግ_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 3፡31

@ኮርድ_ሰብሳቢ ያንን መጽሐፍ ይዞ የተቀመጠ ልጅ መቼ ዘፈን ሊጫወት ነው? 😄 ግሪን ራሱ በ1977 ያወጣውን የብቻ ጊታር አልበም አዳምጥ፤ ስንት ቦታ ላይ ሁለት ድምፅ ብቻ እንደሚተው ትሰማለህ።

@ስድስት_ክር መጀመሪያ የጃዝ ጊታሪስቱን ጆ ፓስን በጆሮህ ተከተለው። በ1973 የቀዳው «ቨርቹዎሶ» ውስጥ «ኦተም ሊቭስ» የለም፤ ግን «ኦል ዘ ቲንግስ ዩ አር»ን ውሰድና ወረቀት ይዘህ ቁጠር፦ ዜማ፣ ኮርድና ቤዝ ሦስቱም በአንድ ቅጽበት የሚሰሙበት ቦታ በጣም ጥቂት ነው። አንድ መስመር ዜማ ይጫወታል፣ ያቆማል፣ ኮርድ ጣል ያደርጋል፣ ቤዝ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ወደ ዜማው ይመለሳል። አንዱን ሲተው የሰማኸው ገና ጆሮህ ላይ ስላለ ያልተመታውን አንተው ትሞላለታለህ። «ሦስት ሰው የሚጫወት ይመስላል» የሚባለው በዚህ ነው።

ሶልፌጅ | ረቡዕ ጠዋት 1፡15

ስለ ኮርድ ከመከራከራችን በፊት ዘፈኑን እንየው። ይህ ዘፈን ለብቻ ጊታር ከብዙዎቹ ስታንዳርዶች (ሁሉም ከሚጫወቷቸው የታወቁ የጃዝ ዘፈኖች) የሚቀልበት ምክንያት ዜማው ውስጥ ነው ያለው።

ጊታሩን አስቀምጥና አንጎራጉረው። ሦስት ኖታ ወደ ላይ ይራመዳል፣ ይዘልና ረጅም ኖታ ላይ ይቆማል። ይህንኑ አራት ጊዜ ይደጋግመዋል፣ በየጊዜው አንድ ደረጃ ዝቅ እያለ፦

ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ… «ሲ»
ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ… «ቢ»
ሲ፣ ዲ፣ ኢ… «ኤ»
ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ዲ ሻርፕ… «ጂ»

አሁን ኮርዶቹን ከሥር አስገባ፦ ኤ ማይነር ሰባት፣ ዲ ሰባት፣ ጂ ሜጀር ሰባት፣ ሲ ሜጀር ሰባት፣ ኤፍ ሻርፕ ሃፍ ዲሚኒሽድ፣ ቢ ሰባት፣ ኢ ማይነር። ረጅሙ «ሲ» ያረፈው በኤ ማይነር ሦስተኛ ላይ ነው (ከኮርዱ መነሻ ኖታ፣ ከሩቱ፣ ሲቆጠር)። ሳይነሳ ኮርዱ ወደ ዲ ሰባት ሲሄድ ያው «ሲ» ሰባተኛ ይሆናል። «ቢ»ም እንዲሁ፦ በጂ ላይ ሦስተኛ፣ በሲ ሜጀር ላይ ሰባተኛ። «ኤ»ም በኤፍ ሻርፕ ላይ ሦስተኛ፣ በቢ ሰባት ላይ ሰባተኛ። የኮርዱን ጠባይ የሚናገሩት ሦስተኛና ሰባተኛ ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱን ዜማው ራሱ ይዞልሃል።

የሚራመዱትን ሦስት ኖታዎች ደግሞ ተመልከት። ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ የሚመጡት በዲ ሰባት ባር (አራት ምት ባለው ክፍል) ውስጥ ነው፤ የኮርዱ ሩት፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ናቸው። ሲ፣ ዲ፣ ኢ በሲ ሜጀር ባር፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ዲ ሻርፕ በቢ ሰባት ባር። ዜማውን ያለ ምንም ኮርድ ብትጫወተው እንኳ ሰሚው ሃርሞኒውን ያውቀዋል። ታብህ ላይ ከተደረደሩት አምስት ስድስት ድምፆች አብዛኞቹ ዜማው የተናገረውን የሚደግሙ ናቸው።

ስድስት_ክር | ረቡዕ ጠዋት 1፡50

መምህርት፣ ይህን ስንት ዓመት ስጫወተው ማንም አልነገረኝም! ታዲያ በቤዝና በዜማ ብቻ ይበቃል ማለት ነው?

ሶልፌጅ | ረቡዕ ቀን 7፡20

ለመጀመሪያው ዙር ከበቂ በላይ ነው። አንድ ድምፅ መሀል ላይ ጨምር ካልከኝም ራሱ ይመጣልሃል። ታቡ ላይ ያለውን ቦታ ተወውና እንዲህ ሞክር።

መግቢያውን ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሁለተኛው ክር ላይ ምታ፤ 5ኛ፣ 7ኛ፣ 8ኛ ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያሉት ክፍሎች)። «ሲ»ን አንደኛው ክር 8ኛ ፍሬት ላይ፣ ከእሱ ጋር ክፍቱን አምስተኛ ክር በአውራ ጣት። «ጂ»ን አታንሳት! እየጮኸች ትቆይ። ኤ፣ ጂ፣ ሲ፦ ሩት፣ ሰባተኛ፣ ሦስተኛ። ኤ ማይነር ሰባት ተሟላ፣ አንተ ግን ኮርድ አልያዝክም፤ ዜማውን ብቻ ነው የተጫወትከው።

ከዚያ ክፍቱ አራተኛ ክር፣ «ዲ»። «ሲ»ን በትንሿ ጣት እንደያዝክ ዲ ሦስተኛው ክር 7ኛ ፍሬት፣ ኢ ሁለተኛው ክር 5ኛ፣ ኤፍ ሻርፕ ሁለተኛው ክር 7ኛ። ቀጥሎ «ቢ» አንደኛው ክር 7ኛ ፍሬት ላይ ይመጣል፤ «ኤፍ ሻርፕ» አሁንም ሳትነሳ የጂ ሜጀር ሰባተኛ ትሆናለች። ቤዙን «ጂ» አራተኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ያዘው። ሦስተኛው ሐረግ ላይም እንዲሁ ነው፦ የመጨረሻዋ «ኢ» ቆይታ የኤፍ ሻርፕ ሰባተኛ ትሆናለች። ቤዙ አራተኛው ክር 4ኛ፣ «ኢ» ሁለተኛው ክር 5ኛ፣ «ኤ» አንደኛው ክር 5ኛ።

አራተኛው ሐረግ ላይ ነገሩ ይጣፍጣል። የቆየችው «ዲ ሻርፕ» ከኢ ማይነር ጋር ትጋጫለች። አትፍራት፤ ሁለት ቢት ያህል ተዋትና ወደ «ዲ» አውርዳት። ቤዙ ክፍቱ ስድስተኛ ክር ነው፤ «ዲ» ሁለተኛው ክር 3ኛ፣ «ጂ» አንደኛው ክር 3ኛ።

በአጭሩ የየሐረጉ የመጨረሻ አጭር ኖታ ለሚቀጥለው ኮርድ ሰባተኛ ነው። ጣትህን ካላነሳህ ሃርሞኒው ይቀጥላል። ናይለን ላይ ድምፁ ቶሎ ስለሚሞት መጫኑን አትልቀቅ።

ጋሽ_ቤዝ | ረቡዕ ማታ 1፡10

ልጄ ሶልፌጅ፣ የጻፍሽው ወርቅ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ቤዝ የመታሁ ሰው ስለሆንኩ አንድ ነገር አልዋጥልሽ አለኝ። «ጂ»ን አራተኛው ክር ላይ አስቀመጥሽው። ቤዝ እኮ እታች ነው የሚኖረው! ኤ እና ዲ ክፍት ክር ሆነው ከመጡ በኋላ ጂ ወደ ላይ ሲሸሽ ቤዝ ተጫዋቹ ሽንት ቤት የሄደ ይመስላል።

ጂ ስድስተኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ አለ። ሲ ስድስተኛው ክር 8ኛ ፍሬት ላይ አለ። ኤፍ ሻርፕም 2ኛ ፍሬት ላይ።

ሶልፌጅ | ረቡዕ ማታ 1፡45

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ ግን እጅ አንድ ነው። ዜማው 7ኛ ፍሬት ላይ እያለ ስድስተኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ጣት የሚያደርስ ሰው ካለ ያሳዩኝ። «ሲ»ን 8ኛ ፍሬት ላይ መያዝ ይቻላል፤ «ቢ» 7ኛ፣ «ኢ» ሁለተኛው ክር 5ኛ ላይ ስለሆኑ እጅ ትንሽ ይለጠጣል እንጂ ይደርሳል። ጂ ግን አይሆንም፤ ዜማውን ወይም ቤዙን መልቀቅ አለበት።

እኔ የምመርጠው ጂን ከፍ፣ ሲን ዝቅ ማድረግ ነው። ሲው ከበደኝ ካለ ደግሞ ሦስተኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ዜማው ራሱ «ሲ»ን ስለሚጠራ ቤዝ ሳይመታ ይለፈው።

ጋሽ_ቤዝ | ረቡዕ ማታ 2፡02

ታዲያ ቤዙን ለብቻው አስቀድሞ መምታት ነዋ! አንደኛው ቢት ላይ ቤዙን ጣል፣ ሁለተኛው ላይ ዜማው ይግባ። ኦርኬስትራ ውስጥም ሁሉም አንድ ላይ አይመታም። ሰዓት እላፊ በነበረበት ዘመን ሰው ሆቴል ውስጥ እስኪነጋ ይቆይ ስለነበር አንድ ስታንዳርድ እንደ ልብ ይለጠጥ ነበር፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፒያኖ ተጫዋቹ ሲደክመው ጊታሪስታችን ብቻውን ይቀጥል ነበር፣ እንዲህ እያዘገየ። ማንም «ኮርዱ ጎደለ» ብሎ አያውቅም።

ስድስት_ክር | ረቡዕ ማታ 2፡30

ጋሼ፣ ማዘግየቱን ሞከርኩት፣ ሠራ! ጂ ስድስተኛው ክር ላይ መትቼ፣ ለቅቄው፣ ወደ ላይ ስደርስ ቤዙ ባይኖርም ያለ ይመስላል። ዜማው ግን ትንሽ ይዘገያል፤ ምቱ ተንገዳገደ።

ሶልፌጅ | ረቡዕ ማታ 2፡41

ሁለቱንም ያዝና በየዙሩ ቀያይር። በመጀመሪያው ስምንት ባር ቤዙ ከፍ ይበል፤ ሲደገም የጋሼን አድርግ። ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ከመስማት ያድናል።

ትዝታ_ማይነር | ረቡዕ ሌሊት 5፡12

ይቅርታ፣ ውይይቱን ላጥምም ነው። ይህን ሁሉ ትዝታ ላይ ማድረግ አይቻልም? እኔ ትዝታን ለብቻ ጊታር ሳቀናብር እንዲህ ሁለት-አምስት-አንድ ኮርዶች (በጃዝ የተለመደውን የኮርድ ቅደም ተከተል) ከሥር ሳስገባ ዜማው የሆቴል ሎቢ ሙዚቃ ይሆንብኛል።

የሲልቨር_ስፕሪንግ_ልጅ | ሐሙስ ሌሊት 7፡40

@ትዝታ_ማይነር ምክንያቱ እላይ ያለው የሶልፌጅ መልስ ውስጥ አለ። «ኦተም ሊቭስ» ዜማው ሲቆም ከሥሩ ያለው ኮርድ ይንቀሳቀስና ያው ኖታ ሌላ ትርጉም ያገኛል። ዘፈኑ የሚኖረው በዚያ ነው። ትዝታ በአምስት ኖታ ቅኝቱ ውስጥ ይዞራል፤ ዜማው ኮርድ ቀይርልኝ ብሎ አይለምንህም። ክፍት ቤዝ አንድ ላይ ያዝና ላዩ ላይ ጌጡን አሳምር፣ ክራር መቺ እንደሚያደርገው። የግድ ኮርድ ካስፈለገ አምስተኛና ኦክቴቭ ይበቃዋል፤ ሦስተኛ ስትጨምርበት ነው ሎቢው የሚገባው።

ስድስት_ክር | ሐሙስ ጠዋት 12፡50

@ትዝታ_ማይነር ጥያቄው ግሩም ነው፣ በናትህ ለብቻው ውይይት ክፈትለት፤ እኔም እመጣለሁ። እዚህ ግን ከባር 25 በታች ልሄድ ነው፣ እዚያ ተጣብቄያለሁ። ኢ ማይነር፣ ኢ ፍላት ሰባት፣ ዲ ማይነር፣ ዲ ፍላት ሰባት እያለ የሚወርደው ቦታ። ሁለት ሁለት ቢት ነው፣ እጄ አይደርስም።

ጋሽ_ቤዝ | ሐሙስ ጠዋት 2፡15

ይኼማ የእኔ ቤት ነው! «ኢ»ን ክፍቱ ስድስተኛ ክር ላይ ከጀመርክ ከእሱ በታች መውረጃ የለህም። ስለዚህ ኢን አምስተኛው ክር 7ኛ ፍሬት ላይ ጀምር። ከዚያ 6፣ 5፣ 4 እያልክ ውረድ፤ ሲ ሜጀር 3ኛ ላይ፣ ቢ ሰባት 2ኛ ላይ ይጠብቁሃል። ስድስት ቤዝ ኖታ በአንድ ክር፣ ግማሽ ቃና በግማሽ ቃና። መጨረሻው ኢ ማይነር ላይ ክፍቱን ስድስተኛ ክር ልቀቀው። እስከዚያ ድረስ ለብዙ ባር ስላልመታኸው ሲመጣ ወለሉ ይሰማዋል።

ከላይ ከአንድ ድምፅ በላይ አትያዝ። ቤዙ እየወረደ ዜማው ካለ ሰሚው ኮርዱን ያውቃል።

ኮርድ_ሰብሳቢ | ሐሙስ ጠዋት 2፡40

በትሕትና እቃወማለሁ። ያ ቦታ የዘፈኑ ጌጥ ነው። ኢ ፍላት ሰባትና ዲ ፍላት ሰባት እንግዳ ኮርዶች ናቸው፤ ሦስተኛና ሰባተኛቸው ካልተሰማ ቤዙ መሰላል ከመውረድ በቀር ምንም አይናገርም። አምስተኛው፣ አራተኛውና ሦስተኛው ክር ላይ ሩት፣ ሦስተኛ፣ ሰባተኛ ያዝ፤ ቅርጹን ብዙ ሳትለውጥ በፍሬት በፍሬት ትወርዳለህ። ዜማው ላይኛዎቹ ሁለት ክሮች ላይ ነፃ ነው። ይኼ ድሮፕ ሁለት እንኳ አይደለም፣ ሦስት ድምፅ ነው፤ እኔም ከእናንተ ተማርኩ መሰለኝ።

ሶልፌጅ | ሐሙስ ቀን 6፡30

እዚህ ጋ ከኮርድ_ሰብሳቢ ጋር ነኝ። ከላይ ያሉት ስምንት ባሮች ላይ ዜማው ኮርዱን ስለሚናገር ቀንሱ አልኩ። ባር 27 እና 28 ላይ ግን ዜማው አያግዝም፤ ኮርዶቹ በየሁለት ቢቱ ሲቀያየሩ ዜማው በራሱ መንገድ ይሄዳል። እዚያ ሰባተኛና ሦስተኛ ያስፈልጋሉ። የት መቀነስ፣ የት መጨመር እንዳለበት የሚነግርህ ዜማው ነው እንጂ የእጅህ አቅም አይደለም።

አሠራሩ ላይ ትንሽ፦ ዲ ማይነር ላይ ሦስተኛው ዝቅ ስለሚል ቅርጹ እንዳለ አይንሸራተትም፤ አንድ ጣት ይለወጣል። ኢ ማይነርም እንዲሁ። ስለዚህ ማይነር፣ ዶሚናንት (እንደ ኢ ፍላት ሰባት ያለው)፣ ማይነር፣ ዶሚናንት እያሉ ሁለት ቅርጽ ማቀያየር ነው። አሥር ጊዜ በዝግታ ቢሄድ እጅ ያውቀዋል።

ባለናይለን | ሐሙስ ማታ 3፡00

ሁለት ቀን አነበብኩ፣ አሁን ልግባ። ማንም ያላነሳው አንድ ነገር አለ፤ ቀኝ እጅ። ዜማው ከሌላው ድምፅ ካልጎላ ግራ እጅ የፈለገውን ቢይዝ ዋጋ የለውም። ዜማውን በቀለበት ጣት ወስደህ ወደ ውስጥ ተጭነህ ምታው፤ መሀለኛውን ድምፅ በጠቋሚ ጣት ለስለስ አድርገህ። አውራ ጣት ቤዙን ሲመታ በጥፍር ሳይሆን በሥጋው ይሁን፤ ክፍት ኤ እና ዲ በናይለን ላይ ሲመቱ በጣም ይጮሃሉ፣ ከዜማውም ይበልጣሉ። ደግሞም የቀድሞውን ቤዝ በአውራ ጣትህ ጎን ማፈን አለብህ። ኤ ክፍት ሆኖ እየጮኸ ዲ ከገባ ሁለት ቤዝ ተጫዋች አለህ ማለት ነው።

ልምምዱ፦ ዜማውን ጮክ፣ ቤዙን ዝቅ አድርገህ ስምንት ባር ተጫወት፤ ከዚያ ገልብጠው። ሁለቱን ማዘዝ ከቻልክ የቀረው ቀላል ነው።

ስድስት_ክር | ሐሙስ ማታ 3፡25

ባለናይለን፣ ጥፍርህን በምን ነው የምታጠነክረው? የእኔ ይሰበራል።

ባለናይለን | ሐሙስ ማታ 3፡33

አሳጥረው። አጭር ጥፍር ከሥጋ ጋር ተደርቦ ሲመታ ለጃዝ ይሻላል። ክላሲካል ተጫዋች አይደለህም።

የሲልቨር_ስፕሪንግ_ልጅ | ዓርብ ሌሊት 6፡10

መግቢያ ያስፈልግሃል ብዬ አስባለሁ። ጆሴፍ ኮስማ ይህን ዜማ በ1945 ለባሌት ዳንስ ጽፎት፣ ገጣሚው ዣክ ፕሬቬር ቃል ጨምሮበት በ1946 ፊልም ውስጥ ገባ። ፈረንሳይኛው ዘፈን ከሁላችንም ዜማ በፊት ረጅም መቅድም አለው፤ ጆኒ ሜርሰር በእንግሊዝኛ ከጻፈው በኋላ የጃዝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያንን መቅድም ይዘልሉታል። ለብቻ ጊታር ግን መቅድሙ ተመራጭ ነው፦ ያለ ምት፣ እንደ ንግግር፣ ሁለት ድምፅ ብቻ ይዘህ ተጫወተው። ከዚያ ምቱን አስገባና ዋናውን ዜማ ጀምር። በ1958 ሳክስ ተጫዋቹ ካኖንቦል አደርሊ ከትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ ጋር «ሰምቲን ኤልስ» አልበም ላይ የቀዱትን የሚያውቅ ሁሉ የዚያን መግቢያ ይኮርጃል፤ ጂ ማይነር ላይ ነው፣ ብቻ ጊታር ላይ ደግሞ ክብደቱ ይጠፋል። አንተ የፈረንሳዩን ያዝ።

ጋሽ_ቤዝ | ዓርብ ጠዋት 1፡30

ጂ ማይነርን ካነሳህ፦ ባንድ ውስጥ እኛም በጂ ማይነር ነበር የምንጫወተው፣ ለሳክስ ይመቻል። ለብቻ ጊታር ግን ኢ ማይነርን አትልቀቅ። ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ሁሉም ሩቶች ናቸው፣ ሁሉም በጊታሩ ክፍት ክሮች ላይ አሉ። ጂ ማይነር ላይ ሲ፣ ኤፍ፣ ቢ ፍላት፣ ኢ ፍላት እያልክ በባሬ (በአንድ ጣት ብዙ ክር በመጫን) ትደክማለህ።

ስድስት_ክር | ቅዳሜ ማታ 2፡00

ቀድቼ ቴሌግራም ላይ ጫንኩ፣ ሊንኩ ፕሮፋይሌ ላይ አለ። መቅድሙን ያለ ምት፣ መጀመሪያው ዙር ቤዝና ዜማ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ የጋሼ ቤዝ ማዘግየት፣ ባር 27 ላይ የኮርድ_ሰብሳቢ ሦስት ድምፆች። ጨክናችሁ ተናገሩ።

ሶልፌጅ | ቅዳሜ ማታ 2፡48

ሰማሁት። መጀመሪያው ዙር በጣም ጥሩ ነው፤ «ዲ ሻርፕ» ወደ «ዲ» ስትወርድ ድገመው ብዬ መልሼ ሰማሁት። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ረጅሙን ኖታ ይዘህ ሁሉንም ክፍተት ትሞላለህ። ከኤ ወደ ዲ ስትሄድ መሀል ላይ የጨመርካት «ኢ ፍላት» ቆንጆ ናት፤ አንድ ጊዜ። በየባሩ ስትመጣ ሰሚው ይለምዳታል። ሁለት ባር ሞልተህ ሁለት ባር ተወው።

ኮርድ_ሰብሳቢ | ቅዳሜ ማታ 3፡10

እኔ ደግሞ እንዲያውም አነሰኝ። ሦስተኛ ዙር ጨምርና እዚያ ላይ አራት አምስት ድምፅ ያላቸውን ኮርዶች ልቀቅ፤ ከሁለት ዙር ቀጭን ድምፅ በኋላ ይፈነዳሉ። ሁሉም ዙር በሦስት ድምፅ ከሄደ ለጊታር ተማሪ እንጂ ለሰሚ አይደለም። ቤዙ ከፍ ያለበት ቦታ ላይም ከጋሽ ቤዝ ጋር ነኝ፤ ጂ ስድስተኛው ክር ላይ ይሁን።

ባለናይለን | ቅዳሜ ማታ 3፡22

ዜማው ጎልቷል፣ ጎበዝ። ባር 5 ላይ ክፍቱ ኢ እያስተጋባ ነው፤ ከየት እንደመጣ ፈልግ፣ ሳትነካው የሚጮህ ክር ይመስለኛል። በአውራ ጣትህ ያዘው።

ስድስት_ክር | ቅዳሜ ማታ 3፡40

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። መዝጊያው ላይ ኢ ማይነርን ብቻ ስመታ ደረቀብኝ። ምን ታደርጋላችሁ? ሜጀር አድርጌ ልዝጋው?

ጋሽ_ቤዝ | እሑድ ጠዋት 1፡05

ሜጀር አታድርገው፣ ልብ የተሰበረበት ዘፈን ላይ ሰርግ አታምጣ። ክፍቱን ስድስተኛ ክር ምታ፣ አምስተኛው ክር 2ኛ ፍሬት፣ አራተኛው ክር 4ኛ ፍሬት፣ ሦስተኛው ክር ክፍት። ላይኛዎቹን ሁለት ክሮች አትንካ። ኤፍ ሻርፕና ጂ ጎን ለጎን ሆነው ይፋተጋሉ። አንድ በአንድ ከታች ወደ ላይ ምታቸው፣ አንድ ላይ አትምታ።

ሶልፌጅ | እሑድ ጠዋት 2፡30

ይህን ያዝ። አምስተኛው ክር 2ኛ እና አራተኛው ክር 4ኛ ፍሬት ላይ በጠቋሚና በቀለበት ጣት ያዛቸው፤ በትንሿ ጣት ከያዝከው ሦስተኛውን ክር ታፍነዋለህ።